ሽፍታው የማን ሽፍታ ነበር?

የአንሪ ደ ሞንፍሬድ አፈ ታሪክ በዳጉ ፊት

በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መካከል ስሙ ሲነሳ ዓይን የሚያበራ አንድ ሰው አለ፤ አንሪ ደ ሞንፍሬድ። «የቀይ ባሕር ምስጢሮች» የተባለው መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ ተገንጥሏል። ያነበበው ላላነበበው ሲተርክ እንዲህ ይላል፦ ሰውዬው ፈረንሳዊ ነው፤ ግን የፈረንሳይን ገዥዎች ይንቃል። የቡና ንግዱን ትቶ፣ ከረባቱን ጥሎ፣ በሸራ የሚሄድ ሳምቡክ ይዞ ባሕር ገባ። ጠመንጃ ጫነ፤ ሉል ፈለገ፤ ሐሺሽ አሻገረ። ሰለመና አብድ አል ሐይ ተባለ። ታሰረ፤ ተፈታ፤ ደግሞ ጫነ። ጌታ የለውም፣ ሕግ አይገዛውም፣ ነፃ ሰው ነው! አንዳንዱ ጓደኛችንማ «እውነተኛው የቅኝ አገዛዝ ጠላት እሱ ነበር» እስከ ማለት ደርሷል።

እኛ ደግሞ ይሄ አፈ ታሪክ ይመርመር እንላለን። የምንመረምረውም በአዳይቱ ሚዛን ነው።

ለምን በአዳይቱ? አዳይቱን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። የማታውቋትም ከአዋሽ ወደ ሚሌና ወደ ሰመራ በአውቶቡስ ስታልፉ በመስኮት አይታችኋት ይሆናል፤ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ተሳቢ በደጇ የሚያልፍባት የአዋሽ ሸለቆ ከተማ ናት። የሞንፍሬድ ታሪክ ከባሕሩ ይጀምርና ከባሕሩ ያልቃል። ጠመንጃው ግን ባሕር ላይ አልቀረም። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ወርዶ፣ በግመል ተጭኖ ወደ ውስጥ ሲገባ የሚያቋርጠው የአፋርን ምድር ነው። ስለ ጫኙ እስኪበቃን ሰምተናል። አሁን ጭነቱ ያለፈበት አገር ይናገር።

አፋር ደግሞ ለመናገር ሥርዓት አለው። ዳጉ ይባላል። ሁለት መንገደኞች በረሃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ቁጭ ይላሉ፤ ከዚያ በየተራ ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት በቀለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ በመንገዱ ማን አለፈ? በዓይን የታየው በጆሮ ከተሰማው ይለያል። የሰማውን «አየሁ» ያለ፣ ወይም ጎዶሎ ወሬ ያመጣ ሰው ይናቃል፤ በሐሰት ወሬ ጉዳት ያደረሰም በባህሉ ይጠየቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በረሃ ላይ የተሳሳተ ወሬ ይገድላል። እኛ በክፍል «ሂሳዊ ንባብ» እየተባልን የምንማረውን የአፋር እረኛ ከልጅነቱ ያውቀዋል። እስቲ ሞንፍሬድን ዳጉ ላይ እናስቀምጠውና ሦስት ነገር ብቻ እንጠይቀው። ወሬህን ማን አየልህ? ምን ጭነህ ለማን አደረስክ? ሒሳቡንስ ማን ከፈለ? (ዘመኖቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

አንደኛው ጥያቄ፦ ወሬህን ማን አየልህ?

ሰውዬው በ1879 በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ጠረፍ ተወለደ። አባቱ ጆርጅ ዳንኤል ሠዓሊ ነበር፤ የዝነኛው ሠዓሊ የጎጋ ወዳጅ። ድሃ ገበሬ ቤት አልተወለደም ማለታችን ነው። በ1911 ወደ እኛ አካባቢ መጥቶ በቡናና በቆዳ ንግድ ሠራ፤ ቆይቶም ወደ ባሕሩ ወረደ። ዝናው ግን ያኔ አልነበረም። ዝናው የመጣው ዕድሜው 50 ካለፈ በኋላ ነው። በ1930 አይዳ ትሪት የምትባል አሜሪካዊት እሱ ያወራላትን በእንግሊዝኛ አሳተመች። በዚያው ዓመት ዮሴፍ ኬሰል የተባለው ታዋቂ ጸሐፊ ስለ ባሪያ ገበያ ለፓሪሱ ጋዜጣ «ለ ማተን» ሊጽፍ መጥቶ ነበርና መንገድ ያሳየው ሞንፍሬድ ሆነ። «ጻፈው እንጂ!» ብሎ ያደፋፈረው ኬሰል ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ መቼ ቆመ? ወደ 70 የሚጠጉ መጻሕፍት ጻፈ። በ1937 ታሪኩ ፊልም ሆነ። የልጆቹ ቲንቲን እንኳ «የፈርዖን ሲጋራዎች» በተባለው ታሪክ ላይ ጠመንጃ የሚያሻግር የሳምቡክ አዛዥ ያጋጥመዋል፤ እሱም ከሞንፍሬድ የተቀዳ ነው።

እንግዲህ ተመልከቱ፤ ተዋናዩ እሱ፣ ተራኪው እሱ፣ ምስክሩም እሱ። ሳምቡኩን የሚቀዝፉት፣ ሸራውን የሚያወጡትና የሚያወርዱት፣ ለሉል ባሕር ውስጥ የሚጠልቁት የሶማሌ፣ የአፋር፣ የየመንና የሱዳን ልጆች ነበሩ። ስማቸው በመጽሐፉ አለ፤ ቃላቸው ግን እሱ እንደፈቀደ ነው። ታማኝ ሲሆኑ ያመሰግናቸዋል፤ ሲያምፁ ያወግዛቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ምሽት ላይ ቤቱ ገብቶ ስለ ነጩ አዛዥ ለሚስቱ ምን እንዳላት መጽሐፉ አይነግረንም። የአንድ ወገን ወሬ ዳጉ አይሆንም!

ሌላም አለ። ጀግናው ደፋር እንዲባል አገሩ አስፈሪ መሆን አለበት። የዚያ ዘመን ፈረንጅ ተጓዥ ሁሉ «ዳናኪል» የሚለውን ስም ሲጽፍ እንደ ዘንዶ ዋሻ አድርጎ ነው። በ1928 ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ በረሃውን ያቋረጠው ኔስቢትም፣ በ1933 እና 34 አዋሽን ተከትሎ እስከ መድረሻው የሄደው ቴሲጀርም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ገዳይ፣ ጨካኝ፣ ሰው የማያምን፣ ይሉታል። እሺ፣ የአውሳ ሰዎች በ1875 ሙንዚንገር የግብጽን ጦር እየመራ ሲመጣ ገድለውታል። ታዲያ መሬቴን ሊይዝ ጦር ይዞ የመጣን ሰው የሚሳለም አገር የት አለ? ራሱን የጠበቀ ሕዝብ በመጽሐፍ ላይ አውሬ ሆነ፤ በአውሬው መካከል ያለፈው ነጋዴ ጀግና ሆነ። የአዳይቱ ልጅ ይህን መጽሐፍ አንብቦ ሲደሰት፣ የሚደሰተው በአያቱ ማስፈራሪያነት መሆኑን ማን ይንገረው?

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ምን ጭነህ ለማን አደረስክ?

ጠመንጃ ጫነ። በተለይም አያቶቻችን «ውጅግራ» ያሉትን፣ የፈረንሳይ ጦር ሲተወው ለአፍሪካ ገበያ የተራገፈውን «ግራ» ጠመንጃ። አድናቂዎቹ «ሕግ ጣሰ» ይላሉ። የትኛውን ሕግ? ፈረንሳይ ኦቦክን በ1862 በ10,000 ብር ገዛሁ አለች። በ1890 የአውሮፓ መንግሥታት ብራስልስ ተሰብስበው መሣሪያ ወደ አፍሪካ አይግባ ብለው ፈረሙ። ጅቡቲ ግን ከዚያ በኋላም የጠመንጃ ገበያ እንደሆነች ቆየች። ከሞንፍሬድ ቀድሞ ራሱ ቅኝ ገዥው ጠመንጃ ነጋዴ ነበር ማለት ነው! ሞንፍሬድ ከገዥዎቹ ጋር የተጣላው በፈቃድ፣ በቀረጥና በድርሻ ነው። «እናንተ በዚህ ጠረፍ ምን ትሠራላችሁ? ማን ጠራችሁ?» ብሎ አልተጣላቸውም። እንዴት ይበል? ጥያቄው እሱንም ይመለከተዋላ።

ኮንትሮባንዲስት የኬላ ጠላት ይመስላል እንጂ የኬላ ልጅ ነው። ኬላ ባይኖር ትርፍ የለውም። ሐሺሹን ከግሪክ ገዝቶ ግብጽ ያስገባው በግብጽ ክልክል ስለሆነና ክልክሉ ዋጋውን ስለሰቀለው ነው። ሕጉን የሚጥሰው ሰው በሕጉ የሚተዳደር ሆኖ ሲገኝ ምን ይባላል? በእኛ ቋንቋ ነጋዴ ይባላል።

ደግሞም ቅኝ ገዥው በጠራው ጊዜ ይሄዳል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባብ ኤል መንደብ አጠገብ፣ ሼክ ሰዒድ ላይ የነበረውን የቱርክ ምሽግ ለፈረንሳይ እንደሰለለ ራሱ በኩራት ጽፏል። ጅቡቲ ላይ አስረውታል፤ እውነት ነው። ግን ከእስሩም ወጥቶ ድሬዳዋ ላይ የዱቄት ፋብሪካና የመብራት ኃይል ማመንጫ ባለድርሻ ሆኗል። ለመሆኑ የዱቄት ፋብሪካ ያለው ሽፍታ ከዚህ በፊት ሰምታችኋል?

ከሁሉ የሚከፋው ግን መጨረሻው ነው፤ አድናቂዎቹም ፈጠን ብለው የሚያልፉት ይህንኑ ምዕራፍ ነው። በ1933 ኢትዮጵያን የሚያንቋሽሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከአገር አስወጡት። ከዚያ ወዲያ ብዕሩ የሙሶሊኒ ሆነ። በ1935 ዓለም ስለ ኢትዮጵያ ሲከራከር እሱ ለወራሪው ተከራከረ። በ1936 ከኢጣልያ ጦር ጋር ዘጋቢ ሆኖ ተመለሰ፤ ስለ ኦጋዴን ጦርነትም በወራሪው በኩል ቆሞ መጽሐፍ ጻፈ። በዚያ ጦርነት የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ተረጭቷል። የኖረባት፣ እንጀራዋን የበላባት ሐረር መጋቢት 29 ቀን 1936 በቦምብ ተደብድባለች። ነፃው ሰው፣ ጌታ የለሹ ሰው በፋሽስት ጥላ ሥር ሐረር ተቀመጠ፤ ቆይቶ እንግሊዞች ይዘው ወደ ኬንያ እስኪወስዱት ድረስ። በኋላም ፈረንሳይ ገብቶ፣ እየጻፈ አርጅቶ በ95 ዓመቱ ታኅሣሥ 1974 ሞተ።

«ንጉሡን የተቃወመ እኮ ነው» የሚለን አይጠፋም። እንዴ! ንጉሥ መቃወም ብቻውን ተራማጅ ያደርጋል እንዴ? በጭሰኛው ስም መቃወም አለ፤ በግራዚያኒ ስም መቃወም አለ። ሁለቱን ያልለየ ንቃት ንቃት አይደለም።

እዚህ ላይ «ሽፍታ» ስለሚለው ቃላችን አንድ ነገር እንበል፤ ለሞንፍሬድ ልባችን ቶሎ የሚሸነፈው በዚሁ ቃል በኩል ይመስለናልና። በእኛ አገር ሽፍታ ዘራፊም ነው፣ ጀግናም ነው። ቋራ የሸፈተው ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ ሆኗል። የታሪክ ሊቁ ሆብስባውም «ሽፍቶች» በተባለው የ1969 መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ መንግሥት ወንጀለኛ ሲለው ገበሬው ልጄ የሚለው ዓይነት ሽፍታ አለ፤ ከሕዝቡ አይወጣም፣ ሕዝቡ ያበላዋል፣ ሕዝቡ ይደብቀዋል። በላይ ዘለቀን አስቡት። ከጣልያን በፊት ሽፍታ ተባለ፤ አምስት ዓመት ጎጃም ውስጥ ጣልያንን ተዋጋ፤ በ1945 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። በላይንም መልአክ አናደርገውም። ነገር ግን ሁለቱን ሰዎች በ1936 ጎን ለጎን አቁሟቸው። አንዱ ጫካ ገባ፤ ሌላው ጫካውን ከሚደበድበው ጦር ጋር ቆመ። አንዱን ገበሬ አበላው፤ ሌላውን የፓሪስ አሳታሚ አበላው። ለአንዱ ገመድ ደረሰው፤ ለሌላው ፊልም። ሽፍትነት ሜዳሊያ ከሆነ ለማን እንደሚገባ ፍረዱ።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ሒሳቡን ማን ከፈለ?

በአገራችን ባርነት ነበር። ይሄን አንክድም፤ የሚክድም ወዳጃችን አይደለም። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ልታጠፋው ቃል ገብታለች፤ በ1924 አዋጅ ወጥቷል፤ ጨርሶ በሕግ የተሻረው ግን በ1942 ነው። ከደቡብና ከምዕራብ የተነዱ ሰዎች በአፋር በረሃ ተሻግረው በታጁራ በኩል ወደ ዐረብ አገር ተጭነዋል። ሞንፍሬድ ይህን ጠረፍ እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል፤ ኬሰልን የመራውም በዚህ ዕውቀቱ ነው። ታዲያ ዕውቀቱ ለማን ዋለ? በፓሪስ ጋዜጣ አሸጠ፤ ለደራሲ ዝና አስገኘ። መስከረም 1935 ኢጣልያ ጄኔቫ ላይ ኢትዮጵያን ስትከስ ባርነትን ዋና ክስ አድርጋ አቀረበች፤ ወረራውን «ነፃ ማውጣት» ብላ ጠራችው። የባሪያው ሰንሰለት ለወራሪው ሰንደቅ መስቀያ ሆነ። ለተሸጠችው ልጅ ምን ተረፋት? በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድም የራሷ ቃል የላትም።

ጠመንጃውስ? የዚያን ዘመን ውጅግራ ዛሬ ከሚተኮሰው ጋር በአንድ ገመድ አናስርም፤ ያ ቀልድ ይሆናል። ነገር ግን በአዋሽ ሸለቆ ጠመንጃ ምን እንደሆነ ለአዳይቱ ሰው የሚያስረዳ አያስፈልግም። በአዳይቱ፣ በኡንዱፎና በገዳማይቱ ጉዳይ አፋርና ኢሳ ስንት ጊዜ ተቀባብረዋል! በ2014 ስምምነት ተደረገ፤ በ2019 ስምምነቱ ፈረሰ፤ ከዚያም ወዲያ ደም ፈሰሰ። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን እዚህ አንዳኝም። ከሁለቱም ወገን የተወለዱ ልጆች ይህችን መጽሔት ያነባሉ፤ ከሁለቱም ወገን ለቅሶ የተቀመጡ እናቶች አሉ። በልቦለድ ላይ «የጠመንጃ ጭነት» የሚለውን ሐረግ ስናነብ የሚሰማን ደስ የሚል ድንጋጤ፣ እዚያ ያለችው እናት ከሚሰማት ድንጋጤ ጋር አንድ አይደለም።

ወደ ኦቦክም እንመለስ፤ ሞንፍሬድ ቤቱን ወደ ሠራባት ኦቦክ። ዛሬ በዚያ ጠረፍ የሚጫነው ሰው ነው። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከአሩሲ፣ ከጅማ የተነሳው ወጣት የአፋርን በረሃ በእግሩ ቆርጦ ኦቦክ ይደርሳል፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ቢቀናው ወደ ሳውዲ። የሚያሻግረው ደላላ ሕግ ይጥሳል፤ ኬላ ያታልላል፤ ሌሊት ይጓዛል፤ ባሕሩን ያውቃል። ሞንፍሬድን ሞንፍሬድ ያሰኘው ሁሉ አለው። በ2024 ከየመን ተነስተው 310 ሰው የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ኦቦክ አካባቢ ጠረፉ ሳይደርሱ መንገደኛውን ባሕር ውስጥ አራገፉት። ቢያንስ 45 ሰው ሞተ። እስቲ የዚያን ጀልባ አዛዥ ጀግና አድርጎ ልቦለድ የሚጽፍ ይነሳ! አይነሳም፤ የሞቱት ወንድሞቻችን ናቸውና። የሞንፍሬድ ዘመን ሟቾች ግን የማን ወንድሞች ነበሩ? ሩቅነታቸው በዓመት ነው እንጂ በዝምድና አይደለም።

አሁን የተቃዋሚዎቻችንን ክርክር እንስማ፤ ሸሽተን አንሄድም።

አንዱ ይላል፦ «ያ ጠመንጃ ባይገባ ዐድዋ የታል? ራምቦ እንኳ ለምኒልክ ጠመንጃ አምጥቷል።» ልክ ነው፤ ገጣሚው ራምቦ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላው ተጉላልቶ፣ በጥቅምት 1886 የአፋርን ግመልና የአፋርን መሪ ይዞ ተነስቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ገብቷል። ታዲያ ራምቦ የመጣው ሊያተርፍ ነው፤ በመክሰሩም አልቅሷል። ዋጋውን የከፈለው በዝሆን ጥርሱ፣ በቡናውና በግብሩ የእኛው ሕዝብ ነው፤ ዐድዋ ላይ የሞተውም እሱ ነው። ደግሞ ምኒልክ ከራሷ ከኢጣልያም ጠመንጃና ጥይት አግኝተዋል። ለዐድዋ ድል ሻጩ ይመስገን ካላችሁ ሮማንም አመስግኗት!

ሌላው ይላል፦ «ሰልሟል፤ ቋንቋችንን ተናግሯል፤ እንደኛ ኖሯል።» ሃይማኖቱን ለፈጣሪው እንተውለት። አብድ አል ሐይ ማለት የሕያው ባሪያ ማለት ነው። ሰውን የምንመዝነው ግን በወሰደው ስም አይደለም፤ በክፉ ቀን በቆመበት ቦታ ነው። ክፉው ቀን በ1935 መጣ፤ የት እንደቆመ አይተናል።

ሦስተኛው ይላል፦ «እናንተ ሥነ ጽሑፍን በፖለቲካ ልትገድሉት ነው። መጽሐፉ ይጥማል፤ በቃ።» ይጥማል፤ እኛም ጥሞን አንብበነዋል። ሞንፍሬድ ንፋስንና ማዕበልን መጻፍ ያውቃል፤ ይህን የሚነፍገው የለም። ይቃጠል አላልንም፤ አይነበብ አላልንም። እንዲያውም ይነበብ። ነገር ግን ማር የጣመው ሁሉ ንቡን አይርሳ። የሚጣፍጥ ውሸት ከማይጣፍጥ ውሸት ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የማይጣፍጠውንማ ማን ይውጠዋል?

ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ የምንለው ይህን ነው። የቅኝ አገዛዝን ደንብ የጣሰ ሁሉ የቅኝ አገዛዝ ጠላት አይደለም። ሌባና ባለሱቅ ሲጣሉ የዕቃው ባለቤት ሦስተኛ ወገን ነው። ያ ሦስተኛ ወገን በታጁራ ጠረፍ፣ በአውሳ፣ በአዋሽ ሸለቆ፣ በሐረር ነበረ፤ ልጆቹም ዛሬ በየክፍሉ ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። ሞንፍሬድ ወደ 70 መጽሐፍ ጽፏል፤ ግመል ነጂው፣ ጠላቂው፣ የተሸጠችው ልጅ፣ መንገድ መሪው አንድም አልጻፉም። የጻፈው አሸነፈ፤ ያልጻፈው መልክዓ ምድር ሆነ።

ይህን የሚያቃናው ሌላ ፈረንጅ አይደለም። ከመካከላችን የአዳይቱ፣ የገዋኔ፣ የሚሌ፣ የአሳይታ ልጆች አሉ። በዕረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ሽማግሌው ዘንድ ቁጭ በሉ፤ ዳጉ ጠይቁ። የጨውና የጠመንጃ ቅፍለት በየት አለፈ? ግመሉ የማን ነበር? ኪራዩ ተከፈለ ወይስ ተበላ? ማን ሄዶ ቀረ? ያዩትን ከሰሙት ለይታችሁ፣ በአፋርኛ እንደተነገረ ጻፉት፤ በአማርኛም መልሱት። አንድ ገጽ ብትሆንም አምጧት፤ እዚሁ እናትማታለን።

ያኔ ሞንፍሬድ ከመደርደሪያው አይወርድም። አጠገቡ ግን መስካሪ ይቀመጥበታል፤ ብቻውን ማውራቱ ያበቃል።